«ኢን» የማን መግቢያ ነው? ስለ ስዊች ፖርት ቆጣሪዎች የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የተነሡት ከአንድ ገጽ ነው፤ ስዊቹ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን በኬብል የሚያገናኘው ሣጥን) ስለ እያንዳንዱ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ቁጥር ከሚደረድርበት ገጽ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ረዘም ያለ መልስ ለሚፈልጉት ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተን የቀሩትን ባጭሩ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ፋይል ማከፋፈያ ሰርቨራችን የተሰካበትን ፖርት ስመለከት «ኢን» ከ«አውት» አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሰርቨሩ ፋይል ይሰጣል እንጂ ብዙም አይቀበልም። ቁጥሮቹ ተቀያይረው ይሆን? ደግሞስ 48 ቢሊዮን ባይት ብዙ ነው ትንሽ?

መልስ፦ አልተቀያየሩም። ስዊች የሚቆጥረው ራሱ ከቆመበት ነው፤ ከኬብሉ ወደ እሱ የመጣው «ኢን»፣ ከእሱ ወደ ኬብሉ የሄደው «አውት» ነው። ሰርቨሩ የሰጠው ሁሉ ለስዊቹ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። በዚሁ ሒሳብ ተጠቃሚዎች ከኢንተርኔት የሚያወርዱት ወደ ራውተሩ በሚሄደው ፖርት ላይ «ኢን»፣ በየተጠቃሚው ፖርት ላይ ደግሞ «አውት» ሆኖ ይታያል። ሁለት ስዊቾች በአንድ ኬብል ሲገናኙ የአንዱ «አውት» የሌላው «ኢን» ነው። ይህን ካስታወሱ ያለ ምንም ወጪ የመመርመሪያ መሣሪያ አገኙ ማለት ነው፤ በአንድ ዓይነት ጊዜ ውስጥ ወዲያኛው 1,000,000 ፍሬም (በአንድነት የሚላክ የመረጃ እሽግ) ላክሁ ብሎ ወዲህኛው 990,000 ብቻ በደህና ደረሰኝ ካለ፣ 10,000ው የቀረው መንገድ ላይ ነው።

ስለ 48 ቢሊዮኑ፣ ቆጣሪ የሚለው ስም ራሱ መልሱን ይዟል። የመብራት ቆጣሪ 48,000 ማሳየቱ የወሩ ፍጆታ ስንት እንደሆነ አይነግርም፤ ካለፈው ንባብ ጋር መቀናነስ አለበት። የስዊች ቆጣሪም ስዊቹ ከበራበት ወይም ቆጣሪው ከጸዳበት ጊዜ ጀምሮ እየደመረ የሚሄድ ነው። ለብቻው የተነበበ ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢያስፈራ፣ ስለ ዛሬ ምንም አይልም።

አሠራሩ ይህ ነው። የ«ኢን ኦክቴትስ»ን ቁጥር ይመዝግቡ፤ እዚህ ላይ ኦክቴት ማለት ባይት ነው። 48,211,904,317 ነው እንበል። ልክ ከ300 ሰከንድ በኋላ እንደገና ሲያነቡት 51,961,904,317 ሆኖ አገኙት። ልዩነቱ 3,750,000,000 ባይት ነው። በ8 ሲባዛ 30,000,000,000 ቢት፣ ለ300 ሲካፈል 100,000,000 ቢት በሰከንድ ይመጣል፤ ማለትም 100 ሜጋቢት በሰከንድ። ፖርቱ የ1 ጊጋቢት ከሆነ 10 በመቶው ተይዟል። በ8 ማባዛቱን የረሳ ሰው ግን የተያዘው 1.25 በመቶ ብቻ ነው ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

ሁለት ነገር እንጨምር። «ኢን»ን እና «አውት»ን ደምረው ከፖርቱ ፍጥነት ጋር አያነጻጽሩ። በፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ እየላከ እየተቀበለ) የሚሠራ የ1 ጊጋቢት ፖርት በየአቅጣጫው 1 ጊጋቢት ይሸከማል፤ «140 በመቶ ተይዟል» የሚል ሪፖርት ካዩ ሁለቱን አቅጣጫ የደመረ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ሌላው፣ በሲስኮ ስዊቾች ላይ «ሾው ኢንተርፌስ» ሲሉ የሚታየው ፍጥነት፣ ካልቀየሩት በቀር፣ የ5 ደቂቃ አማካይ ነው። ፖርቱ ላይ «ሎድ ኢንተርቫል 30» ብለው ወደ 30 ሰከንድ ማውረድ ይችላሉ። እዚያው አጠገብ 51/255 የሚመስል ክፍልፋይ ካዩ ከ255 እጅ 51ዱ ተይዟል ማለቱ ነው፤ 20 በመቶ።

ጥያቄ፦ የመከታተያ ፕሮግራማችን በየ5 ደቂቃው በኤስኤንኤምፒ (መሣሪያዎችን ከሩቅ መከታተያ ፕሮቶኮል) ያነባል። የአንድ ጊጋቢት ፖርት ግራፍ ወደ 114 ሜጋቢት ይጠጋና ወዲያው ቁልቁል ይወድቃል። ከዚያ በላይ ወጥቶ አያውቅም። መስመሩን የገደበው ምንድን ነው?

መልስ፦ መስመሩን የገደበው የለም፤ ቆጣሪው ነው እየሞላ የሚዞረው። ፕሮግራሙ የሚያነበው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ነው። ይህ ቆጣሪ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ብቻ ከዞረ ፕሮግራሙ ያርመዋል፤ የአሁኑ ንባብ ካለፈው አንሶ ሲያገኘው አንድ ዙር ይጨምርበታል። በ300 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ዙር በላይ ከሄደ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለም። 4,294,967,296 ባይት በ8 ተባዝቶ ለ300 ሲካፈል 114.5 ሜጋቢት በሰከንድ ይሆናል። ያዩት ጣሪያ ይኸው ነው። መስመሩ 150 ሜጋቢት ሲሸከም ግራፉ 35.5 ያሳያል፤ በተጨናነቀበት ሰዓት ባዶ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

1 ጊጋቢት ሙሉ በሙሉ ሲሮጥ ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ በ34 ሰከንድ ይዞራል፤ በ10 ጊጋቢት ደግሞ በ3.4 ሰከንድ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በማንበብ ልሽሸው ማለት አያዋጣም። «ኢፍ ኢን ኦክቴትስ» በሚለው ፈንታ «ኢፍ ኤችሲ ኢን ኦክቴትስ» የሚለውን እንዲያነብ ያድርጉ፤ ለመውጫውም እንዲሁ። እሱ ባለ 64 ቢት ስለሆነ በ1 ጊጋቢት ሳያቋርጥ ቢቆጥር እንኳ ለመዞር ከ4,600 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ብዙ ሰው ይህን ካስተካከለ በኋላ ባዶ ግራፍ ያገኛል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው የተመዘገበው በኤስኤንኤምፒ ቁጥር 1 መሆኑ ነው፤ ያ ስሪት ባለ 64 ቢት ቆጣሪ መሸከም አይችልም። ወደ 2ሲ ወይም ወደ 3 ይቀይሩት።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥፋትም አለ። ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሣ ቆጣሪዎቹ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ፕሮግራሙ ግን «ዞሯል» ብሎ ስለሚያስብ ግራፉ ላይ ሰማይ የሚነካ ሹል ጫፍ ይሥላል። «ሲስ አፕታይም» የሚባለውን፣ ስዊቹ ከተነሣ የቆየበትን ጊዜ፣ አብሮ የሚያነብ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ንባብ ይጥለዋል። ከመነሣት በኋላ የአንዱ ፖርት ግራፍ በሌላው ስም ከወጣ ደግሞ የፖርቶቹ መለያ ቁጥር ተቀይሯል፤ በሚችሉ መሣሪያዎች ላይ መለያው እንዳይቀየር የሚያደርገውን ቅንብር ያብሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ፖርት 1,200,000 የሲአርሲ ኤረር (ተበላሽቶ የደረሰ ፍሬም) ያሳያል። ስዊቹን እንቀይር ወይስ ኬብሉን? ሌላ ፖርት ላይ ደግሞ «ሌት ኮሊዥን» የሚል ቁጥር አለ። በዘመናዊ ስዊች ላይ ግጭት ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት ይቀንሱ። ያ 1,200,000 ምናልባት ከስድስት ወር በፊት ተበላሽቶ በተቀየረ ኬብል የተከማቸ ሊሆን ይችላል። የሲአርሲውን ቁጥርና የገቡትን ፍሬሞች ጠቅላላ ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ትራፊክ ባለበት ሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ያንብቡ። ሲአርሲው ካልጨመረ ታሪክ ነው፤ ይተዉት። ከጨመረ የጨመረውን ለአዲሶቹ ፍሬሞች ቁጥር ያካፍሉ።

ስንት ሲሆን ነው ብዙ የሚባለው? በመዳብ ኬብል የሚሄደው ጊጋቢት ኢተርኔት የተነደፈበት የስህተት ወሰን ከ10 ቢሊዮን ቢት አንድ ነው። ባለ 1518 ባይት ፍሬም 12,144 ቢት ስለሆነ፣ ይህ በግምት ከ820,000 ሙሉ ፍሬሞች አንዱ ማለት ነው። ደህና ኬብል ግን ለቀናት ዜሮ ላይ ይቆያል። የእኛ ልማድ፣ ከ100,000 ፍሬም አንድ ካለፈ መመርመር፣ ከ10,000 አንድ ካለፈ ሌላ ሥራ አቁሞ መሄድ ነው። ትንሽ መስሎ የሚታየው ብክነት ጉዳቱ ከባድ ነውና። ደርሶ መልስ 20 ሚሊሰከንድ በሚፈጅ መንገድ ላይ ከ100 ፓኬት አንዱ ቢጠፋ፣ አንጋፋው የቲሲፒ (የጠፋውን እንደገና እየላከ መረጃ የሚያደርሰው ፕሮቶኮል) ስልት ለአንድ ግንኙነት ከ7 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም፤ መስመሩ የ1 ጊጋቢት ሆነም አልሆነም።

ጥፋቱን የት እንፈልገው? በእያንዳንዱ ፍሬም ጅራት ላይ ሲአርሲ የሚባል 4 ባይት ማረጋገጫ አለ። ተቀባዩ የመጣለትን ፍሬም ራሱ አስልቶ ከማረጋገጫው ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ፍሬሙን ጥሎ ቆጣሪውን በአንድ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ኤረሩ የሚጻፈው ተቀባዩ ዘንድ ሲሆን ጥፋቱ ግን ከወዲያኛው ላኪ እስከዚህኛው ፖርት መቀበያ ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። ፍለጋውን በቅደም ተከተል ያድርጉት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም ልዩነቱን እንደገና ያስሉ።

መጀመሪያ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ፓች ኮርዶች (አጫጭር ማገናኛ ኬብሎች) ይቀይሩ፤ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ኬብል ስዊቹ ላይ ወዳለ ሌላ ፖርት ያዛውሩት። ኤረሩ አብሮ ከተዛወረ ፖርቱ ነጻ ነው። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን መሣሪያ ይለዋውጡ። ይህ ሁሉ ካልረዳ የቀረው በግድግዳ ውስጥ ያለው ኬብል ነው፤ ርዝመቱ ከፓች ኮርዶቹ ጋር ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ጫፉ ላይ ጥንዶቹ ከ13 ሚሊሜትር በላይ ተፈትተው መቆየት የለባቸውም፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ተጣብቆ መሄድም አይገባውም።

በተለይ አንድ ጥፋት ሰውን ያደናግራል። ኬብሉ በርካሽ መሞከሪያ ሲፈተሽ ስምንቱም መብራት በተራ ይበራል፤ ኤረሩ ግን አይቆምም። ይህ የሚሆነው ገመዶቹ ከ1 እስከ 8 ቀጥ ብለው ቢደርሱም ጥንዶቹ ተሳስተው ሲታሰሩ ነው። ትክክለኛዎቹ ጥንዶች 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ናቸው። ቀለማቱን እንዳገኘ በተርታ ያሰረ ሰው 3ን ከ4፣ 5ን ከ6 ጋር ያጣምራል፤ ያኔ አብረው የተጠመዘዙት ገመዶች የተለያየ ምልክት ስለሚሸከሙ አንዱ የሌላውን ይረብሻል። መብራት ብቻ የሚያሳይ መሞከሪያ ይህን አያይም። ገመዶቹን በዓይን ማየት ይሻላል። ከጥንዶቹ አንዱ ጭራሽ የተቆረጠ እንደሆነ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ስለሚፈልግ ፖርቱ ወይ አይነሣም ወይ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዶ ይነሣል።

ፋይበር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያል። የሞጁሉን (ፋይበሩ የሚሰካበትን ክፍል) የመቀበያ ብርሃን መጠን በዲቢኤም (የኃይል መለኪያ) ያንብቡና ለዚያ ሞጁል ከተጻፈው ዝቅተኛ ወሰን ጋር ያስተያዩ። ዝቅ ካለ ማገናኛውን በፋይበር ማጽጃ ይጥረጉ፤ በሸሚዝ ጫፍ አይሆንም። የፋይበሩንም ጫፍ በባዶ ዓይን አይመልከቱ፤ የማይታይ ሌዘር ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ወደ «ሌት ኮሊዥን»። በፉል ዱፕሌክስ ግጭት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ይህ ቆጣሪ ከጨመረ ያ ፖርት በሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ እየላከና እየተቀበለ) እየሠራ ነው። በሃፍ ዱፕሌክስም ቢሆን ትክክለኛ ግጭት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው «የዘገየ» ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል። የተለመደው መንስዔ በአንዱ ጫፍ «100 ፉል» ተብሎ በእጅ ተወስኖ በሌላው ጫፍ «ኦቶ» (ከወዲያኛው ጋር ተነጋግሮ ራሱ ይምረጥ) ተብሎ መተዉ ነው። የ«ኦቶ»ው ወገን ፍጥነቱን ከምልክቱ ይለያል፤ ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስላጣ ወደ ሃፍ ይወርዳል። ውጤቱ መልክ አለው፤ በሃፉ በኩል ሌት ኮሊዥን፣ በፉሉ በኩል የሲአርሲ ኤረርና «ራንት» የሚባሉ ከ64 ባይት ያነሱ የተቆራረጡ ፍሬሞች። ይህን ጥንድ ምልክት ካዩ ኬብል አይንኩ። ሁለቱንም ጫፍ ወደ ኦቶ ይመልሱ፤ መመለስ የማይቻል ከሆነ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርገው ይወስኑ። ፒንግ በደህና እያለፈ ፋይል መቅዳት ብቻ እንደ ኤሊ ከሄደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ጥቂት ፓኬት አይጋጭም፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ሲልኩ ነው የሚፈርሰው።

«ጃያንት» (ከተለመደው መጠን ያለፈ ፍሬም) የሚለውን ቆጣሪ ግን ቶሎ አይውቀሱ። የቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተከፍሎ የተለየ ኔትወርክ) ምልክት የተጨመረበት ፍሬም 1522 ባይት ይደርሳል፤ ጃምቦ ፍሬም ደግሞ 9,000 ባይት ጭነት ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ስዊች እነዚህን እያሳለፋቸውም ይቆጥራቸዋል።

በመረጃ ማዕከል ስዊቾች ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ፍሬሙ መግባቱን ሳይጨርስ ራስጌውን አይቶ ማስተላለፍ የሚጀምር ስዊች፣ ጅራቱ ላይ ያለው ማረጋገጫ መበላሸቱን የሚያውቀው ፍሬሙ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የተበላሸው ፍሬም ከስዊች ወደ ስዊች እየተሻገረ በየደረሰበት ይቆጠራል። በብዙ ፖርቶች ላይ በአንድ ጊዜ ሲአርሲ ካዩ ብዙ ኬብል ተበላሸ አይበሉ፤ ወደ ኋላ እየተከተሉ መጀመሪያ የገባበትን ፖርት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው የ1 ጊጋቢት ፖርት በአማካይ 18 በመቶ ነው የተያዘው። «አውትፑት ድሮፕ» (ሳይላክ የተጣለ) ግን በየቀኑ ይጨምራል። ኤረር ዜሮ ነው። 82 በመቶ ባዶ ከሆነ ለምን ይጥላል?

መልስ፦ አማካዩ ነው የሚያታልልዎ። አንድ ፖርት በቅጽበት ሲታይ ወይ እየላከ ነው ወይ አይደለም፤ 100 ወይም 0። 18 በመቶ የሚባለው 300 ሰከንድ ተጨፍልቆ የወጣ ቁጥር ነው፤ በውስጡ የተደበቀው ለጥቂት ሚሊሰከንድ የሚመጣ ድንገተኛ ጎርፍ አይታይም። ባለሙያዎች ማይክሮበርስት ይሉታል።

በቁጥር እንየው። ከ10 ጊጋቢት ፖርት ወደዚህ 1 ጊጋቢት ፖርት ለ1 ሚሊሰከንድ ሙሉ ፍጥነት ትራፊክ መጣ። በዚያች ቅጽበት 1,250,000 ባይት ደረሰ፤ ፖርቱ መላክ የቻለው 125,000 ባይት ብቻ ነው። የቀረው 1,125,000 ባይት በበፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ወረፋ መያዝ አለበት። ብዙ የመዳረሻ ስዊቾች ደግሞ ለሁሉም ፖርቶች በጋራ ያላቸው በፈር ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ አንድ ፖርት ከዚያ የሚደርሰው ድርሻ ይህን አይችልም። የተረፈው ይጣላል፤ «አውትፑት ድሮፕ»ም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከሺህ ሚሊሰከንድ አንዱ ላይ የደረሰ ነገር የ5 ደቂቃውን አማካይ አያነቃንቀውም። ከተለያዩ ፖርቶች ብዙ ማሽኖች በአንድ ቅጽበት ለአንድ ሰርቨር መልስ ሲልኩም ያው ነው፤ ሁሉም የ1 ጊጋቢት ቢሆኑ እንኳ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በአእምሮ መያዝ ምርመራውን ግማሽ ያቀለዋል፤ ኤረር የገቢ ችግር ነው፣ ድሮፕ የወጪ ወረፋ ችግር ነው። ሲአርሲ ወደ ኬብል ይልክዎታል፤ ድሮፕ ወደ አቅም። ድሮፕ አይተው ፓች ኮርድ የሚቀይሩ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ ነው።

ምን ይደረግ? ድሮፑን በየ10 ሰከንዱ አንብበው የጨመረበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ሌሊት በተወሰነ ሰዓት ብቻ ከሆነ የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራውን ይመልከቱ። ስዊቹ በየወረፋው የተጣለውን ለይቶ የሚያሳይ ከሆነ የትኛው ወረፋ እንደሆነ ይዩ። በአንዳንድ የቆዩ የሲስኮ ሞዴሎች ኪውኦኤስ (ለትራፊክ ቅድሚያ መስጫው) ሲበራ የፖርቱ በፈር ለ4 ወረፋዎች ይከፋፈላል፤ ትራፊኩ ሁሉ በአንዱ ወረፋ ሲገባ የሌሎቹ ድርሻ ባዶውን ይቀመጣል። ኪውኦኤስ ባበራን ማግስት ድሮፕ ጀመረ የሚል ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የወረፋዎቹን ድርሻ ማስተካከል ወይም ኪውኦኤሱን ማጥፋት ይቻላል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ፖርቱን ወደ 10 ጊጋቢት ማሳደግ፣ አለዚያም ላኪውን ማለዘብ ነው።

«ፍሎው ኮንትሮል አብሩና ይቆማል» የሚል ምክር ይሰጣል። እውነት ነው፣ ድሮፑ ሊቆም ይችላል፤ ችግሩ ግን ቦታ ይቀይራል። የተጨናነቀው ወገን «ቆም በል» የሚል ፖዝ ፍሬም ይልካል፤ በ1 ጊጋቢት አንድ ፖዝ ፍሬም እስከ 33.5 ሚሊሰከንድ ድረስ ማስቆም ይችላል። ላኪው ሲቆም ግን ለሌሎች ሰርቨሮች የሚልከውም አብሮ ይቆማል። ፍሎው ኮንትሮል በርቶ ከሆነ የፖዝ ፍሬም ቆጣሪዎችን ያንብቡ፤ ድሮፕ ዜሮ ሆኖ ኔትወርኩ የሚንቀራፈፍበትን ምክንያት እዚያ ያገኙታል።

በመግቢያ በኩል «ኢን ዲስካርድ» ቢያዩ አይምታታብዎ። ፖርቱ ያልተፈቀደለት ቪላን የያዘ ፍሬም ሲደርሰው፣ ወይም ስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በክብ እንዳይዞር የሚከላከለው ስልት) በዘጋው ፖርት ላይ ትራፊክ ሲመጣ፣ ስዊቹ ፍሬሙ ደህና መሆኑን እያወቀ ይጥለዋል። በብዙ ስዊቾች ይህ እዚያ ይቆጠራል፤ ሕጉን ማክበሩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ ማንም በማይሠራበት ሰዓት የሁሉም ፖርቶች መብራት ይርገበገባል፤ የሁሉም «አውት» ቁጥርም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ በሁሉም ፖርት እኩል የሚወጣ ትራፊክ ለሁሉም የተበተነ ትራፊክ ነው። ከየት እንደመጣ ለማወቅ «አውት»ን ትተው «ኢን»ን ይመልከቱ፤ ምንጩ ያለበት ፖርት «ኢን»ው ከሌሎቹ ጎልቶ ይታያል። ከዚያ ዓይነቱን ይለዩ።

የብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ) ቆጣሪው በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚጨምር ከሆነና ስዊቹ አንድ የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ መለያ) ከፖርት ወደ ፖርት ዘለለ እያለ የሚመዘግብ ከሆነ ሉፕ አለ፤ አንድ ሰው ኬብል ከስዊች አውጥቶ እዚያው ስዊች ላይ ወይም ጠረጴዛ ሥር ባለ ትንሽ ስዊች ላይ ሰክቷል። «ኢን ብሮድካስት» የበዛበትን ፖርት ይንቀሉ፤ ጎርፉ ወዲያው ካቆመ አገኙት። ብሮድካስቱ ትንሽ ሆኖ የዩኒካስት (ለአንድ ተቀባይ የሚላክ) «አውት» በሁሉም ፖርት እኩል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስዊቹ የተቀባዩን ማክ አድራሻ ስላላወቀ ፍሬሙን በሁሉም በር ይልከዋል። ይህ የሚሆነው ተቀባዩ በዚህ ስዊች በኩል ምንም ሳይልክ ሲቆይ ነው፤ ስዊቾች በተለምዶ የማክ አድራሻን ከ300 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ይረሳሉ፣ የሲስኮ ራውተር ግን የአርፕ (የአይፒ አድራሻን ከማክ አድራሻ ጋር የሚያዛምድ) መዝገቡን ካልቀየሩት ለ4 ሰዓት ያቆያል። በመሀል ያለው ጊዜ ሁሉ ጎርፍ ነው። የማክ መርሻ ጊዜውን ከአርፑ ጋር እኩል ወይም የበለጠ ማድረግ ይዘጋዋል።

በሰከንድ ጥቂት አሥር ብሮድካስት ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይደለም፤ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉበት ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ መስመሩን ሞልተን ስንፈትሽ በትልልቅ ፓኬት 987 ሜጋቢት፣ በትንንሽ ፓኬት ግን 762 ሜጋቢት ብቻ ይቆጠራል። ስዊቹ ደክሟል?

መልስ፦ አልደከመም። ከእያንዳንዱ ፍሬም ፊት 8 ባይት መንደርደሪያ፣ ከኋላው ደግሞ የ12 ባይት ክፍተት አለ፤ የባይት ቆጣሪው እነዚህን 20 ባይቶች አይቆጥርም፤ መስመሩን ግን ይይዛሉ። 64 ባይት ፍሬም መስመሩ ላይ 84 ባይት ይፈጃል፤ 64 ለ84 ሲካፈል 76.2 በመቶ ነው። ያኔ በሰከንድ 1,488,095 ፍሬም እያለፈ ነው፤ ይህን ቁጥር ካገኙ ፖርቱ ጠርዙ ደርሷል። በ1518 ባይት ግን 81,274 ፍሬም ብቻ ነው። ባይቱን ለፍሬሙ ቁጥር አካፍሎ አማካይ መጠኑን ማወቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ በሌላ ጊዜ 900 ባይት የነበረ አማካይ በድንገት ወደ 70 ከወረደ ትራፊኩ ባይጨምርም አንድ ነገር ተለውጧል።

ጥያቄ፦ ሁለት ኬብል በኤልኤሲፒ (ኬብሎችን እንደ አንድ መስመር በሚያጣምር ፕሮቶኮል) አጣምረናል። አንዱ 90 በመቶ፣ ሌላው 5 በመቶ ነው።

መልስ፦ ስዊቹ ፓኬቶቹን ተራ በተራ አያካፍልም። ፓኬቶች ተዘበራርቀው እንዳይደርሱ የአንድን ግንኙነት ፓኬቶች በሙሉ በአንድ ኬብል ይልካል፤ የትኛው ኬብል እንደሆነ የሚወስነው ከአድራሻዎቹ በሚሰላ ቁጥር ነው። ስሌቱ በማክ አድራሻ ብቻ ከሆነና ትራፊኩ በሁለት ራውተሮች መካከል የሚሄድ ከሆነ ሁሉም በአንዱ ይሄዳል። በአይፒ አድራሻና በቲሲፒ ፖርት ቁጥር (የፕሮግራም መለያ ቁጥር እንጂ መሰኪያው አይደለም) እንዲሆን ይቀይሩት። ልብ ይበሉ፣ እርስዎ የሚወስኑት የራስዎን «አውት» ብቻ ነው። የተዛባው «ኢን» ከሆነ ማስተካከያው ወዲያኛው ስዊች ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ክሊር ካውንተርስ» ብለን አጸዳን። ስክሪኑ ዜሮ ሆነ፤ የመከታተያ ፕሮግራሙ ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ቀጥሏል።

መልስ፦ በሲስኮ አይኦኤስ ላይ ይህ ትእዛዝ የሚያጸዳው በስክሪን የሚታየውን ብቻ ነው፤ በኤስኤንኤምፒ የሚነበበው አይነካም፤ ግራፎችዎ እንዳይበላሹም እንዲህ መሆኑ ይሻላል። ከማጽዳትዎ በፊት ቁጥሮቹን ቀድተው ሰዓቱን ይጻፉ፤ «ላስት ክሊሪንግ» የሚለው መስመር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይነግርዎታል። የሥራ ባልደረባዎ ምርመራ ላይ ከሆነ ሳይጠይቁት አያጽዱ፤ የሚቀንስበትን የመጀመሪያ ንባብ ያጠፉበታል።